በቁሜ የተነፋ ጥሩንባ

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

መቅደላዊት፣

በቁሜ አለቀስሽብኝ። እኔ አያትሽ ቢረሳው ሳልሞት ሙሾ አወረድሽብኝ፤ ሰውም አምኖሽ ድንኳን ተከለብኝ። ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ዛሬ ግን የደረሰብኝ በደል ይቅደም፣ ሰላምታው ይከተል። እንደምን ነሽ? እኔ አለሁ። «አለሁ» የምልሽ ለወግ አይደለም፤ የሚጠራጠር ስላለ ነው።

«የቴአትር ትምህርቱን መግቢያ ፈተና ማለፌን ሲሰሙ ደስ አላለዎትም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ምን ዘፍነሽ እንዳለፍሽ ግን አልጻፍሽም። «አንድ ዜማ አቀረብኩ» ብለሽ አለፍሽው። ደብዳቤሽ ሳይደርስ ያንን ዜማ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶት ነበር።

ለክርስትና ልጄ ሠርግ አርጆ ሄጄ፣ መኪና ጠፍቶ ካሰብኩት በላይ ቆየሁ። ስልክ እንደማልይዝ ታውቂያለሽ። ዕድሜዬን ከወፍጮ ሞተር ጋር ስለጨረስኩ ጆሮዬ ደክሟል፤ ስልክ ለእኔ ጢንዚዛ ነው። እኔ አርጆ ሳለሁ የጎረቤታችን የገቢሳ ልጅ ሊሊሴ በስልኳ አንቺን አየች። አብሮሽ የተፈተነ ተማሪ ቀርጾ የለቀቀው ነው አሉ። ጥቁር ለብሰሽ፣ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ፣ ደረትሽን እየመታሽ፦

የወፍጮው ድምፅ ጠፋ ሰፈሩ ዝም አለ፣
ቢረሳው የሚሉት ጌታ ወዴት ዋለ?

ሊሊሴ እሪ አለች። ገቢሳ የእድራችን ጸሐፊ ነው፤ መጠየቅ ሲገባው አመነ። «አርጆ ሞቶ፣ ለልጅቱ ተነግሯት፣ ለእኛ ሳይነገረን» ብሎ ፈረደ። በማግስቱ ማለዳ ጥሩንባ ነፊያችን ጂሩ ስሜን እየጠራ በጨለለቂ ዞረ። እኔ ሰብሳቢ በሆንኩበት እድር፣ እኔ መርጬ ባስገዛሁት ጥሩንባ!

ከመናኸሪያ በእግሬ ስመጣ ድንኳናችንን በጥጉ ባለው መጣፊያ ከሩቅ ለየሁት። ማን ሞቶ ነው፣ ሰብሳቢው ሳይኖር እንዴት ተተከለ ብዬ እርምጃዬን ፈጠን አደረግሁ። ስጠጋ ግቢው የእኔ ነው። ሊሊሴ በር ላይ አየችኝና «አካኮን ህን ዱኔ!» አለች፤ አያታችን አልሞተም ማለቷ ነው። የያዘችው ሰሐን ወደቀ። ገቢሳ ወጣ፣ አየኝና፣

«ጋሽ ቢረሳው፣ ምነው መጡ?» አለኝ።

«ቤቴ ነው» አልኩት።

ከኑኑ ቁምባ ድረስ በቆሎ ጭኖ የመጣው እንድሪስ ከድንኳኑ ጥግ ተነሣ። በሰባ ሰባት ድርቅ ከወሎ በአንድ መኪና የመጣን ሰው አይደለን? ዓይኑ አብጧል፤ ምላሱ ግን ያው ነው። «አንተ፣ ያን ጊዜ በረሃብ ያልሞትክ ሰውዬ ሠርግ በልተህ ሞትክ ሲሉኝ ገርሞኝ ነበር» አለ። «እንግዲህ በቆሎዬን ልመልሰው፣ ወይስ ለሚቀጥለው ይቀመጥ?»

ንፍሮ አቀረቡልኝ። የራሴን ንፍሮ አልበላሁም።

በእድሩ ደንብ ጥሩንባ የተነፋለት ሰው ጉዳይ በጉባኤ ታይቶ ይወሰናል። ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። «ተቀመጥ እባክህ፣ በሕይወት ቆመህ እያየንህ ምን ውሳኔ ያሻል» አሉኝ። አልተቀመጥኩም። እጅ አስወጥቼ በሕይወት መኖሬን አስወስኛለሁ።

ደብዳቤውን ለአውቶቡሱ ሹፌር ለዋቅወያ ሰጥቼዋለሁ። መልስሽንም በእሱ ላኪ።

አያትሽ ቢረሳው

አዲስ አበባ
ኅዳር 23 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ አያቴ፣

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እለምናለሁ።

ምንም ሳልደብቅ ልንገርዎ። ፈታኞቹ «ከሁሉ የምትፈሪውን ነገር ዝፈኚልን፤ ስትዘፍኚም ሁኚው» አሉኝ። ሌሎቹ ተማሪዎች ከሬዲዮ የሚያውቁትን ዘፈኑ። እኔ ደግሞ በልጅነቴ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የሰማሁትን፣ የአልቃሿን የእማማ ታንጉትን የሙሾ ዜማ ያዝኩ። የምፈራውም አንድ ነገር ነው። ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ? አፌን ስከፍት ስምዎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም።

ያልጻፍኩልዎ ነገር ይኸው፦ ስጨርስ መምህርት ፀጋ ከወንበራቸው ተነሥተው አቀፉኝ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ፣ መቼ ነው ያረፉት?» አሉኝ። «ኧረ አለ!» ማለት አቃተኝ። ራሴን ነቅንቄ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ድረስ በመንገድ ሲያገኙኝ ትከሻዬን ዳሰስ አድርገውኝ ያልፋሉ። ይህ ትከሻ አሁን እንደ ድንጋይ ከብዶኛል።

ስለዚህ ጠይቄያለሁ፤ ወደ ሒሳብ አያያዝ መዛወር ይቻላል ብለውኛል። በእርስዎ ሞት የገባሁበት ትምህርት ምን ያደርግልኛል? አንድ ቃል ይጻፉልኝ፣ በማግስቱ እተወዋለሁ።

ንፍሮውን ባለመብላትዎ ግን ትንሽ ሳቅሁ፤ ይህንንም ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ መቅደላዊት

ነቀምቴ
ታኅሣሥ 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

መቅደላዊት፣

ጤና ይስጥልኝ። አትተዪም።

ሰፈሩን ሁሉ አስለቅሰሽ፣ አያትሽን ድንኳን አስተክለሽበት፣ አሁን ሒሳብ አያያዝ ልትገቢ? ታዲያ እኔ በከንቱ ነው የሞትኩት? ነገ ጠዋት መምህርትሽ ዘንድ ሂጂና ፊት ለፊት ቆመሽ «አያቴ አለ» በይ። ካባረሩሽ ያባርሩሽ። እነሱ ያስወጡሽ እንደሆን እንጂ አንቺ በእግርሽ አትወጪም።

ይቅርታ ጠይቀሻል። ገና ነው። ይቅር የምለው ሲገባኝ ነው፤ እስካሁን አልገባኝም።

ሙሾውን ግን ሊሊሴ ጆሮዬ ሥር አድርጋ ደጋግማ አሰምታኛለች። ስሕተት አለበት። የወፍጮው ድምፅ አልጠፋም፤ እኔ ከለቀቅሁት በኋላ በኤሌክትሪክ ይሠራል፣ እንደ ድሮው ያንባርቃል። ሁለተኛው ደግሞ ይብሳል፦

በቅሎዋ ደጅ ቆማ ሣር አልበላም አለች፣
ጌታዋን ሳታይ ውላ እንዴት ታድራለች?

የምን በቅሎ? በቅሎ ኖሮኝ ያውቃል? አያትሽ ታንጉት በሌለ በቅሎ አልቅሳ አታውቅም። እሷ ለቅሶ ቤት ስትሄድ መጀመሪያ ጓዳ ገብታ ትጠይቅ ነበር። ሟቹ ምን ይወድ ነበር፣ ምን ጀምሮ ሳይጨርስ ቀረ፣ ለማን ምን ሊል አስቦ ነበር። ያንን ይዛ ትወጣለች። እሷ ራሷ እንባ አታወጣም። «እኔ ካለቀስኩ ጉሮሮዬ ይዘጋል፤ ሥራዬ እነሱን ማስለቀስ ነው» ትለኝ ነበር። አንቺ ግን በስልኩ ላይ እንባሽ አገጭሽ ላይ ይታያል። ይህን አርሚ።

ገቢሳ ከንቲባ ቢነግረው የማያምን ሰው ነው። አንቺን ግን አመነ። ይህን የምጽፈው ለማመስገን አይደለም፤ የሆነውን ለመናገር ነው።

ብርድ ልብስ በዋቅወያ ልኬያለሁ። አዲስ አበባ ይበርዳል ብለሽ ስላልጻፍሽ ነው የላክሁት።

ቢረሳው

ነቀምቴ
ጥር 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመቅደላዊት፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መምህርትሽ እውነቱን ከነገርሻቸው ከዓመት በኋላም ባዩሽ ቁጥር «የሞቱት አባት እንዴት ናቸው?» እያሉ መጠየቃቸው አያስቀኝም። ደህና ናቸው በያቸው።

«እየሮጥን ዝፈኑ ይሉናል፣ ትንፋሼ ያጥረኛል፣ ምን ላድርግ?» ብለሻል። እኔን የምትጠይቂኝ እኔ ዘፋኝ ነኝ? ግን የማውቀውን ልንገርሽ። ወፍጮ ቤት ከሞተሩ በላይ ሆኖ ሰው ለመጥራት በጉሮሮ የጮኸ ማታ ድምፅ የለውም። ከእምብርት በታች ያለውን አየር ነው የሚገፉት። ያንቺ አስተማሪዎች በሆድ ተንፍሱ ካሉ ያወቁት ነገር አለ። ስሚያቸው።

ስለ ሙዚቃዊ ቴአትር የጻፍሽውንም በእድር ስብሰባ ላይ አንብቤያለሁ። ሰው በንግግር የማይወጣለት ነገር ሲመጣ ይዘፍናል፤ ዘፈኑም ሲያንሰው አካሉ ይነሣል ያልሽውን። እንድሪስ ከኑኑ ቁምባ መጥቶ ነበርና «ታዲያ ይኼ ለቅሶ ቤት አይደለም እንዴ? መጀመሪያ ያወራሉ፣ ከዚያ ሙሾ፣ ከዚያ ደረት መምታት። የእኛን ነው እንዴ ልጅቱ የምትማረው?» አለ። ነገሩ ልክ ነው።

ያስተማረሽ መምህር ቀነአ መንገድ ላይ አስቁሞኝ «ኢንጂነር ትሆናለች ስንል ልጅቱን ለዘፈን ሰጧት አሉ» አለኝ፤ ሰው እየሰማ።

«ኢንጂነር ሞልቷል። አንተን ከነሱሪህ መሬት ላይ አስቀምጦ ያስለቀሰህ ግን ማን ነው?» አልኩት። ድንኳኑ ውስጥ እንደዚያ አልቅሶ እንደነበር ገቢሳ ነግሮኛል። ሳቀ፣ ሻይ ጋበዘኝ። ጠጣሁለት።

ጉልበቴን አመመኝ ያልሽውን አልወደድኩትም። ቅባት ልኬያለሁ፤ ታሺበት። ይቅርታን በተመለከተ ስለ ጠየቅሽው፦ ገና ነው።

ቢረሳው

ነቀምቴ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

መቅደላዊት፣

አይሆንም።

የምርቃት ቴአትራችሁ በዚያ ሙሾ ላይ እንዲቆም መምህርት ፀጋ መምረጣቸው የእሳቸው ጉዳይ ነው። «ያለ ፈቃድዎ አፌን አልከፍትም፤ እምቢ ካሉ ሌላ ልጅ ትመራዋለች፣ እኔ ከኋላ ካሉት ጋር እሆናለሁ» ማለትሽ የአንቺ ጉዳይ ነው። ስሜ የእኔ ነው። አንድ ጊዜ ሳትጠይቂ ገደልሽኝ። ጠይቀሽ እንድትገድዪኝ አልፈቅድም።

ቢረሳው

ነቀምቴ
መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመቅደላዊት፣

እንደምን ከረምሽ? መልስ አልጻፍሽም። ዋቅወያ ባዶ እጁን ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ከኋላ ካሉት ጋር መቆም ጀምረሽ እንደሆን አላውቅም። ሦስት ዓመት የለፋሽው ከኋላ ለመቆም አይመስለኝም ነበር።

ቃሌን አላጥፍም። የእኔ ስም አይጠራም። ነገር ግን ካሰብሽው የቀረ አንድ ለቅሶ አለ።

ታንጉት የሞተች ቀን ልጅ ስለነበርሽ ላታስታውሺ ትችያለሽ። ሰው አልጎደለም። የገቢሳ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች በኦሮምኛ መዝሙር ዘመሩላት፤ ያማረ ነበር፣ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። እንድሪስና የእሱ ሰዎች ዱዓ አደረጉ። ካህናቱም ፍትሐት አደረሱላት። ሙሾ ግን አልወረደም። የሚያወርድ ሰው አልነበረማ፤ የምታወርደው እሷ ነበረች። ሴቶቹ መሐል ገብታ የምትቆምበትን ቦታ ክፍት ትተው፣ ክብ ሠርተው፣ ዝም ብለው እርስ በርስ ተያዩ። የሚጀምር ጠፋ። በዚያው ተቀበረች።

ያን ቦታ ግቢበት። ለመምህርትሽ እንዲህ በያቸው፦ አያቴ በሕይወት ስላለ አይለቀስለትም፤ አያቴ ታንጉት ግን ለቅሶዋ አልደረሳትም።

ሰዎች ቢያዩት ደስ ይላቸዋል ካሉሽ ይዩት፣ ደስ ይበላቸው። እኔ አልመጣም። ከዚህ አዲስ አበባ ሩቅ ነው፤ ብመጣም አልሰማም።

ቢረሳው

አዲስ አበባ
ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ደብዳቤዎን ለመምህርት ፀጋ አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን አወለቁና «እኚህ ሰው የት ነው የተማሩት?» አሉ። «ከማዳበሪያ ከረጢት ላይ ፊደል ለይተው» አልኳቸው። የጀመርነውን ቀደን ጣልነው። እንደ አዲስ እየጻፍን ነው።

እንግዲህ ጓዳ ገብቼ እጠይቅዎታለሁ፣ እንደ እማማ ደንብ። ምን ትወድ ነበር? ምን ጀምራ ወይም ፈልጋ ሳይሆንላት ቀረ? እርስዎስ ሊሏት አስበው ሳይሏት የቀረው ቃል ምንድን ነው?

በቅሎ አላስገባም፣ እምላለሁ።

መቅደላዊት

ነቀምቴ
ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመቅደላዊት፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እመልሳለሁ።

የሽምብራ ቆሎ ትወድ ነበር። ከለቅሶ ቤት ስትመለስ ከጉያዋ አውጥታ መንገድ ለመንገድ ትቆረጥማለች። ሰው ሁሉ ዓይኑ አብጦ ሲሄድ እሷ እየሳቀች ትገባ ነበር። «አንቺ ሴትዮ፣ ሐዘን አይነካሽም?» ስላት «እዚያው አራግፌው መጣሁ» ትለኛለች። ኦሮምኛዋ ስብርብር ያለ ነበር። ቢሆንም ለኦሮሞ ጎረቤት በኦሮምኛ ታለቅስ ነበር። የገቢሳ እናት ሞተው «ሃዳ ኮ» እያለች፣ «እናቴ» እያለች ስታወርድ ቤተ ሰቡ አለቀሰ። ከሐዘኑ ይሁን ከአነጋገሯ ገቢሳ እስከ ዛሬ አልለየውም።

የፈለገችው መስኮት ነው። በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ ድፍን ነው፣ ታውቂዋለሽ። «ሰው ሲያልፍ ልይበት፣ አንድ መስኮት ቅደድልኝ» አለችኝ። አቧራ ይገባል አልኳት። በሌላ ዓመት ደግማ ጠየቀችኝ። አቧራ ይገባል አልኳት። አቧራ ይገባል ያልኩት እውነት ስለሆነ ነው፤ መንገዱ ያኔ አስፋልት አልነበረም። ከፈለግሽ ይህን ጨምሪው።

ሦስተኛውን ጥያቄሽን አልመልስም።

ጉልበትሽ እንዴት ነው?

ቢረሳው

ነቀምቴ
ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ መቅደላዊት፣

እንኳን ደስ አለሽ።

«በር ጠባቂው ሦስት ሽማግሌዎች ሽምብራ ቆሎ በላስቲክ ሰጥተውኝ ሄዱ ይላል፤ እርስዎ ነዎት ወይ?» ብለሽ በዋቅወያ ጠይቀሻል። እኔ ነኝ። አልመጣም ብዬ ነበር። እንድሪስ ከኑኑ ቁምባ ተነሥቶ «እኔ እሄዳለሁ፤ አንተ ሞተህ ስለነበር ላትመጣ ትችላለህ» አለኝ። ገቢሳም የእድሩን ባጅ ደረቱ ላይ አድርጎ መጣ። ብቻቸውን ብልካቸው ይጠፋሉ ብዬ ሄድኩ። ሳንነግርሽ የተመለስነው አውቶቡሱ ማለዳ ስለሚነሣ ነው።

መጨረሻው ረድፍ ላይ ነበርን። ሌላ ወንበር አልነበረም። ሲዘፍኑ ሲጨፍሩ የነበሩትን ሌሎቹን ልጆች ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ ብዙውን አልሰማሁም። ከዚያ ሴቶቹ ክብ ሠርተው፣ መሐሉን ክፍት ትተው እርስ በርስ ተያዩ። ልክ እንደዚያ ቀን። አንቺ ገባሽበት።

ለሰው ሁሉ ሙሾ ስታወርጂ ኖረሽ፣
ያንቺ ቀን ሲመጣ በዝምታ ቀበሩሽ።

ስሚኝ። እኔ ስልክ ጆሮዬ ላይ ተለጥፎ የማልሰማ ሰው ነኝ። ቄሱ ፊቴ ቆመው ሲቀድሱ ግማሹ ያመልጠኛል። አንቺን ግን ከመጨረሻው ወንበር ሰማሁሽ። አንድ ቃል አላመለጠኝም። አልጮህሽም፤ ሰማሁሽ። ያን ትንፋሽ ያስተማሩሽን ሰዎች ስማቸውን አንድ በአንድ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ላመሰግናቸው እፈልጋለሁ። እንባም አላወጣሽም። አዳራሹ ሁሉ ሲያለቅስ አንቺ ዓይንሽ ደረቅ ነበር። እንዲያ ነው።

ስትጀምሪ ሦስታችንም ብድግ አልን። ለቅሶ ላይ ተቀምጦ አይሰማም። አንዲት አስተናጋጅ መጣችና፣

«አባቶች፣ ይቀመጡ፤ ከኋላ ያለ ሰው አያይም» አለች።

«ከኋላችን ግድግዳ ነው» አላት እንድሪስ።

«ለቅሶ ላይ ነን ልጄ» አላት ገቢሳ። ባጁን አየችና ተወችን።

ከዚያ መስኮቱ መጣ፦

መንገዱን ልይበት መስኮት ቅደድ ብትይው፣
አቧራ ይገባል አለሽ ያ ሰውዬው።

ሰው ሳቀ። ከለቅሶው መሐል ያን ያህል ሕዝብ ሳቀ። ገቢሳ በክርኑ ጎሸመኝ። ታንጉት ብትኖር በዚህ ትኮራብሽ ነበር፤ እሷም መሐል ላይ ታስቅ ነበር። ስሜን አልጠራሽም፤ ቃልሽን ጠብቀሻል። እኔ አልሳቅሁም።

ከመስኮቱ በኋላ ዝም አልሽ። ረጅም ዝምታ ነበር። አጠገቤ ያለችው ወጣት «ረሳችው መሰለኝ» ስትል ከከንፈሯ አነበብኩት። አልረሳሽም። ያ ሦስተኛው ጥያቄ ነበር፤ ቦታውን ባዶ ትተሽልኛል። እዚያ ቦታ ላይ እኔም የምለውን ለታንጉት በልቤ አልኳት። ማንም አልሰማም።

በመጨረሻ ሰው ሲያጨበጭብ ደነገጥኩ። ለቅሶ ላይ አይጨበጨብም። በኋላ ጎንበስ ስትዪ አየሁና ባርኔጣዬን አወለቅሁ። አላጨበጨብኩም። ቆሜያለሁ፤ ይበቃሻል።

ወደ ቤት እንደ ተመለስኩ አናጢ ጠርቼ መስኮቱን አስቀደድኩት። በመንገዱ በኩል ነው። ሊሊሴ ስታልፍ እጇን ታውለበልብልኛለች፤ ቀነአም ቆሞ ስለ አንቺ ይጠይቀኛል። እዚያው ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፍልሽ። እንዳልኩትም አቧራ ይገባል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። የእኔ ቀን ሲመጣ፣ ጂሩ ዳግመኛ ጥሩንባውን ሲነፋ፣ ያኔ የትም ብትሆኚ መጥተሽ አንቺው ታለቅሺልኛለሽ። ሌላ ሰው አይጀምር። ያ የመጀመሪያው ሙሾ አለልሽ፤ ወፍጮውን አርመሽ፣ በቅሎዋን አውጥተሽ። በቅሎ የለኝም።

እስከዚያ ድረስ ግን በቁሜ ስላለቀስሽብኝ ነገር ከዛሬ ጀምሮ አላነሣም። አንቺም በደብዳቤሽ አታንሺው። ይቅር አሉኝ አላሉኝ ብለሽም አትጠይቂኝ። ገቢሳ ሊያነሣው ቢሞክር አልሰማሁም እለዋለሁ፤ ጆሮዬ ደካማ ነው።

አያትሽ ቢረሳው